ቆላ የወረደው ብርድ ልብስ

ባለቤቴ ቆላ ሲወርድ ብርድ ልብስ ይዞ ነበር የሚወርደው። ቆላ ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም። ከደጋዋ ከተማችን ከጎረቤላ ቁልቁል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል። ከላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ መንገደኛ ግማሽ ሳይደርስ ጋቢውን ያወልቃል፤ ታች ሲደርስ ደግሞ ቆዳዬንም ባወለቅኩት ይላል። የእኔ ሰውዬ ግን ከደብረ ብርሃን የገዛነውን ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በትከሻው አንጠልጥሎ ይወርዳል። "ለመሆኑ ምን ሊያደርግልህ ነው?" ስለው፣ "ብርድ ሲመጣ አያስታውቅም" ይለኛል።

እኛ ደገኞች እንዲህ ነን፣ ምን ይደረግ። ወገብ ሲያም ብርድ ነው፣ ሆድ ሲነፋ ብርድ ነው፣ ልጅ ሲያስነጥስ ብርድ ነው። ፀሐይንማ ማን ይፈራታል? ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን የምንሞቃት የራሳችን ሰው ናት። እኔ ራሴ ጎረቤላ አራተኛ ክፍል የማስተምር፣ "ሰውነት ሲሞቅ በላብ ይቀዘቅዛል" ብዬ በጠመኔ የምጽፍ ሴትዮ፣ ቤቴ ስገባ እንደማንም ደገኛ ብርድ ብርድ ስል ነው የምውለው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለማወራው ነገር ሌላ ማመካኛ ስለሌለኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆላ ላይ ሽንኩርት በእኩል ይዘን ነበር። መሬቱና የመስኖው ውሃ የአንድ ቆለኛ ባልና ሚስት ነው፤ ዘሩና ጉልበቱ የእኛ። ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ ደግነታቸው አያልቅም። ሚስትየዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ እንደ እኔው የማይታሰር ሴት ነበረች፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም በአንድ ቀን የተግባባነው። በዚያ ዓመት የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ገጥሞ ሁላችንም ጿሚ ነበርን። ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቶ ስለነበር እኔም ሽንኩርቱ ሲነሳ ላግዝ ወረድኩ።

ቆለኞቹ የሚሠሩበት የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ጎህ ሲቀድ ማሳ ይገባሉ፤ አራት ሰዓት ገደማ እጃቸውን አራግፈው ቦዩ ዳር ካለው ግራር ሥር ይጋደማሉ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንግሥት ቢጠራቸው አይነሱም። ባለቤቴ ይህን ሲያይ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ደጎች ናቸው፣ ግን ሥራ ላይ ሰነፍ ናቸው" አለኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ሴትየዋ ግን ከግራሩ ሥር ሆና ትጮህብኝ ነበር።

"አንቺ ደገኛ! ባልሽን ጥሪው እንጂ! ይቺ ፀሐይ እኮ እንግዳ አታከብርም!"

"እሱ ማን ሲጠራው ይሰማል ብለሽ ነው?" አልኳት። እውነቴን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠራው ስንት ጊዜ እንደሰማ እኔ ነኝ የማውቀው።

የዚያን ቀን ነገሩ ባሰበት። ነጋዴው በማግስቱ ጠዋት መኪና ይዞ እንደሚመጣ ልኮብናል፣ የማሳው ግማሽ ገና አልተነቀለም። ባለቤቴ ከንጋት ጀምሮ አጎንብሶ ይነቅላል። ሸሚዙ ሥር ሹራብ ለብሷል፣ "ላብ ይመጥጥልኛል" ብሎ። ውሃ ልስጠው ብል ደግሞ ጾም ነውና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምስም። "አንተ ሰውዬ፣ ቢያንስ ከጥላው ግባ" አልኩት። ይነቅላል። "ሹራቡን እንኳ አውልቀው።" ይነቅላል። በስተመጨረሻ ተናድጄ፣ "እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርህ!" ብዬው ማሳው ዳር የሠራናት ትንሿ ዳስ ሥር ገብቼ የሽንኩርቱን ቅጠል መቁረጥ ጀመርኩ። ከዚያ ቃል የበለጠ በሕይወቴ የተጸጸትኩበት ቃል የለም።

ሰባት ሰዓት ላይ ቀና ስል ወደ እኔ እየመጣ ነው። እግሩ ይጥለዋል። ሰክሮ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዳሷ ጋ ደርሶ ቆመና፣ "በሬዎቹን ውሃ አጠጣሻቸው?" አለኝ። በሬዎቻችን ላይ ደጋ፣ ጎረቤት ጋ ናቸው። "የምን በሬ?" አልኩት። "አስገቢያቸው እንጂ፣ ሊመሽ ነው" አለ። ከዚያ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። "በረደኝ" አለኝና ሽንኩርቱ ላይ ተዘረረ።

ግንባሩን ስነካው እጄ ተመለሰ። እንዲያ የጋለ ሰው ነክቼ አላውቅም። አንድ ጠብታ ላብ የለበትም፣ ደረቅ ነው። እኔም ወዲያው አወቅኩት፤ አወቅኩት ነው ያልኩት? ያወቅኩ መሰለኝ። "ምች ነው!" ብዬ ጮህኩ። ምች ፀሐይ ላይ የዋለን ሰው ሲመታ የሚደረገው በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዳማ ከሴ ጨምቀህ ታስሸትተዋለህ፣ ትቀባዋለህ፣ ከዚያ ጥቅልል አድርገህ ትሸፍነዋለህ። ላቡ ከወጣ ዳነ። ዳማ ከሴውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የወረድኩት፤ ብርድ ልብሱም ይኸው። እንኳን ይዞት መጣ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ዳማ ከሴውን ጨምቄ ቀባሁትና ከእግር እስከ ራሱ ሸፈንኩት። አልበቃኝ ብሎ ጋቢዬን ደረብኩበት። ነፋስ እንዳይገባ ጫፍና ጫፉን በእግሩና በወገቡ ሥር ጠቀጠቅኩት። ከውስጥ በሰለለ ድምፅ፣ "እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

ከጎኑ ቁጭ ብዬ ላቡን እጠብቅ ጀመር።

ሴትየዋ ጩኸቴን ሰምታ ከግራሩ ሥር እየሮጠች መጣች። አንድ ጊዜ አየችንና ብርድ ልብሱን ይዛ ጎተተችው።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አልኳት።

"ያ አላህ! አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየውን እየቀቀልሽው እኮ ነው!"

"አትንኪው! ብርድ ይመታዋል! ላቡ ሊወጣ ነው!"

"የምን ላብ? ላቡማ አለቀበት! እይው እስቲ ግንባሩን፣ እይው!"

አላየሁም። ደረቷን በሁለት እጄ ገፈተርኳት። ጦሟን የዋለች፣ ከንፈሯ የደረቀ ሴት ወደ ኋላዋ ተንገዳግዳ እንደገና መጣች። ገፋኋት፣ መጣች። ሦስተኛው ላይ ባሏ ደረሰና እጄን ያዘኝ። እሷ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ሸሚዙን፣ ያንን ሹራብ ሁሉ ገፍፋ ጣለችው። ከዚያ ባልና ሚስት ተሸክመው ቦዩ ዳር ጥላው ሥር አስተኙትና በጀሪካን ውሃ ያፈሱበት ጀመር። እኔ እንደ እብድ፣ "ገደላችሁት! ገደላችሁት!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሴትየዋ ነጠላዬን ከላዬ ላይ ነጥቃ ውሃ ውስጥ ነከረችና አንገቱና ብብቱ ላይ አደረገችው። ባዶ ማዳበሪያ አንስታ እጄ ላይ ጣለችልኝ።

"ጩኸቱን ተይና አራግቢ! እህቴ፣ አራግቢለት!"

አራገብኩ። ክንዴ እስኪዝል አራገብኩ። ውሃው አለቀ ሲባል እኔም ጀሪካን ይዤ ከቦዩ ቀዳሁ። አለቀስኩ፣ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ አቃሰተ። ሴትየዋ "አልሃምዱሊላህ" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት እንደነበር ያየሁት።

ባጃጅ ተፈልጎ ጤና ጣቢያ ደረስን፣ ግሉኮስ ተሰካለት። ያየችው ነርስ ልጅ እግር ናት። የእኔን የራሰ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ውሃ ያፈሰሱበት እርስዎ ነዎት? ጎሽ! አንዳንዱ ሸፋፍኖ ነው የሚያመጣልን። እንዲያ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፍም" አለችኝ። አዎ አላልኩም፣ አይደለሁምም አላልኩም። ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ።

ወደ ማታ ገደማ ባለቤቴ ዓይኑን ገለጠ። ፀጉሩን ዳሰሰ፣ ርጥብ ነው። ሱሪውን ዳሰሰ፣ ርጥብ ነው። ፊቱ በራ።

"ላቤ ወጣ!" አለኝ። "አየሽ? ብርድ ልብሱ! ስትሸፍኚኝ ትዝ ይለኛል እኮ። አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር።"

ይህን ሲለኝ እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር። ግን እናንተ ብትሆኑስ? ከሞት የተመለሰ ባል እጃችሁን ይዞ አዳንሽኝ ሲላችሁ፣ አይ ልገድልህ ነበር ትሉታላችሁ? ሲሻለው እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ተሻለው። ሳልነግረው ቀረሁ።

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡት። "ጹም እንጂ ሙት ማን አለህ? ቆላ ወርደህ ስትሠራ ውሃ ጠጣ፣ ፈቅጄልሃለሁ" አሉት። "እሺ አባቴ" አለ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ከዚያ በኋላም በጾም አንድም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠጥቶ አያውቅም። ሥራ የሚያቆምበትን ሰዓት ግን አሻሻለ፤ ይህችን ታህል ተማረ።

ያልተማረው ስለ ብርድ ልብሱ ነው። ብርድ ልብሱማ ነገሠ! ሰንበቴ ላይ ያወራል፣ ልቅሶ ቤት ያወራል፣ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ያወራል። "ምች ጣለኝ፣ ሚስቴ በብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጋ ያዘችኝ፣ ላቤ እንደ ጉድ ወረደ፣ ተነሳሁ።" በየጊዜው ትጨምራለች ወሬዋ፤ አንዱ ብርድ ልብስ ሁለት ሆነ፣ ባጃጇ ቀረች፣ ነርሷ ቀረች። ያቺ ቆለኛ ሴትማ ጭራሽ የለችበትም። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሚስት ማለት እንዲህ ናት" ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ። መወደስ ይጣፍጣል፣ ምን ልዋሽ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር በሰው ፊት እንዲያ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በዘንድሮው ሁዳዴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጣች። ከመዘዞ በኩል የመጣች ሙሽራ ናት፣ ዓመት አልሞላትም። ባሏ ቆላ፣ ከእነዚያ ቆለኞች ማሳ አጠገብ፣ ሽንኩርት ሊነቅል በነጋታው ማለዳ ሊወርድ ነው። ቆላን አይቶ አያውቅም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር" አለችኝ። "ያንን ብርድ ልብስዎን ያውሱኝ። እንግዲህ ምች ቢመታው..."

ባለቤቴ ከመደቡ ላይ ብድግ አለ፣ ደስታው። "ስጫት! ስጫት እንጂ!" አለ። "ከሞት የተረፍኩበት ነው። ቶሎ ይከናነብ በይው፣ ላቡ እስኪወጣ እንዳይገልጠው።"

ልጅቷ ዓይኗን በእኔ ላይ አድርጋ ቆማለች። እሱም ያየኛል፣ ያ ፊቱ በርቶ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ተነስቼ ብርድ ልብሱን ከሳጥን አወጣሁ፣ አራገፍኩ፣ አጠፍኩ፣ በገዛ እጄ ሰጠኋት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር ያለሰልሳል። ትምህርት ቤት ልሄድ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ከፊቱ ቆምኩ። ፀሐይዋ ወጥታለች። እኛ ጋ ገና ትሞቃለች፣ ታች ግን እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ።

"ያን ቀን ያዳነህ ብርድ ልብሱ አይደለም" አልኩት።

"እህ?"

"ውሃ ነው። ሴትየዋ ናት ውሃ ያፈሰሰችብህ። ብርድ ልብሱን ገፍፋ ጥላ ነው ያዳነችህ። እኔ ሸፍኜ ልገድልህ ነበር፣ እሷንም ስትገልጥህ ደረቷን ገፍትሬያታለሁ።"

ጠፍሩን ይዞ ቀረ።

"ላቤስ?" አለኝ።

"ላብ አይደለም። የቦይ ውሃ ነው።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። እሱ ግን እጁን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ "ልጁ ስንት ሰዓት ወረደ?" አለኝ። ሳይነጋ ነው የወረደው። ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ደወለ። ጥሪ አይቀበልም። ቆለኞቹ ጋ ደወለ፣ ያው ነው። ሲሳደብ ሰምቼው የማላውቀው ሰው ስልኩን ሰደበው። ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ፣ ሹራቡን አወለቀና መደቡ ላይ ጣለው። ጀሪካን ሞልቶ አነሳ።

"አንተ ልትወርድ ነው? በዚህ ዕድሜህ? መኪናው እኮ ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርስህ!"

"እኔ ነኝ ይከናነብ ያልኩት" አለኝ።

እግሩ ሥር ብወድቅ እንኳ እንደማይቀር አወቅኩ። በጆግ ውሃ ቀድቼ ፊቱ ቆምኩ። "እንግዲያስ ጠጣ።" ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም፣ ሁዳዴ ነው። ጆጉን አየ፣ እኔን አየ። አማተበና ተቀበለኝ፤ እስከ መጨረሻዋ ጠጣት። ሲውጥ ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ፣ እንባዬ መጣ። ጆጉን መልሶልኝ ሄደ።

የዚያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ልጆቹ ቢጠይቁኝም አልሰማም። በየእረፍቱ ስልኬን አያለሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። በሬዎቹን የጠየቀኝ ሰዓት ነው። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ።

"አገኘሁት" አለኝ።

"ደህና ነው?"

"ራሴን አመመኝ ብሎ ብርድ ልብሱን ሊፈታው ሲል ነው የደረስኩት። አሁን ግራሩ ሥር ነው። ውሃ ጠጥቷል፣ ራሱን በውሃ አርሶ ተኝቷል። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሠራል።"

"አንተስ?"

"እኔም ጥላ ሥር ነኝ። ጠጥቻለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ።"

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እሱ ቀጠለ። "መጀመሪያ የሄድኩት ሴትየዋ ቤት ነው። ወድቄ አመሰገንኳት። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ ክንድሽ ግን ብረት ነው ብላሻለች በላት አለችኝ።"

ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኩት። "ለልጁስ ምን አልከው? ሊከናነብ ሲል?"

"ብርድ ልብሱ ሊገድለኝ እንደነበር ነገርኩት።"

"እኔ እንደሸፈንኩህስ?"

ከጀርባው የቦዩ ውሃ ይሰማል።

"ራሴ ነኝ የተከናነብኩት አልኩት" አለኝ። "እልኸኛ ስለሆንኩ እምቢ ብዬ ተከናነብኩ፣ ሚስቴ ገፈፈችኝ አልኩት። ሚስቱም ስትጠይቅሽ እንዲያ በያት።"

"ውሸታም!" ብዬው ስልኩን ዘጋሁበት። ወዲያው መልሼ ደወልኩለት፣ ሲያነሳው ግን ድምፄ አልወጣም። እሱም እኔ መሆኔን አውቆ ሳይዘጋው ቆየ።